ወባ አይተውንም

ገነነ በገዛ አንደበቱ በራሱ ላይ መፍረዱን ያወቀው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የስብሰባ አዳራሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በሁለት መቶ ሰው መካከል ተቀምጦ ነው።

ቦታው የፊት ወንበር ነበር። ዱንጉዛውን፣ ባለ ቀለሙን የጋሞ ሸማ፣ ለብሷል፤ ልጁ ዕድላዊት ጠዋት ተኩሳለታለች። የጥሪ ወረቀቱ “ለክቡር ተዋናይ” ይላል። በስልሳ ስድስት ዓመቱ ተዋናይ ተብሎ ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። በፊልሙ ውስጥ አራት ደቂቃ አለው። ሽማግሌ ሆኖ፣ እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ ይቀመጣል። ከፊቱ በተንበረከከ አንድ ሰው ላይ ይፈርዳል።

ፊልሙ ስለ መምህር ክብሩ ሕይወት ነው። ክብሩ የጋሞ ደጋ ልጅ፣ አርባ ምንጭ ያስተምር የነበረ፣ በደርግ ላይ ተነስቶ በ1970 የተገደለ ሰው ነው። በከተማው ክብሩ ጀግና ነው። ወጣቱ ፎቶውን ቲሸርት ላይ ያትማል። ሌላው ሰው የሚያውቀው ስሙን ነው። ገነነ የሚያውቀው ሰውየውን ነው።

ተራው ደረሰ። ገነነ ራሱን በትልቁ ሸራ ላይ አየ። ፊቱ ከበር ይሰፋል። የተንበረከከውን ሰው እያየ በጋሞኛ ይናገራል፤ ከታች የአማርኛው ትርጉም ይነበባል።

“ጓደኛውን በአፉ የሸጠ ከእኛ ጋር አይቀመጥም። ውሃችንን አይጠጣም። እዚሁ ቆሞ እውነቱን እስኪናገር ድረስ፣ ስሙ ስም አይሁን።”

አዳራሹ አጨበጨበ። ከኋላ አንዱ አፏጨ። ያኔ የተራኪው ድምፅ ገባ፤ የሬዲዮ የመሰለ፣ ወፍራም ድምፅ።

“መምህር ክብሩን ለገዳዮቹ አሳልፎ የሰጠው ገነነ ጀልባው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰው ተራ ወጣ።”

አርባ ምንጭ ውስጥ ገነነ ጀልባው የሚባል አንድ ሰው ነው ያለው። የአባቱን ስም የማያውቅ ሁሉ በዚህ ስም ያውቀዋል። ጭብጨባው ቆመ። ከዚያ ጭንቅላቶች መዞር ጀመሩ፤ መጀመሪያ ከቅርብ፣ ቀጥሎ ከሩቅ።

“አባዬ፣ ተነስ እንሂድ” አለች ዕድላዊት ክንዱን ይዛ።

“ቆዪ። አላለቀም።”

እስከ መጨረሻው ተቀመጠ። የስም ዝርዝሩ ከታች ወደ ላይ መጣ። “ገነነ ጀልባው” ይልና አጠገቡ አንድ የአዲስ አበባ ተዋናይ ስም አለ። አሥራ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ “ሽማግሌ” ይላል፤ አጠገቡ የእሱ ስም። ከሃዲውም ፈራጁም እሱ ነው።

*

ገነነ የተወለደው በ1951 ጫሞ ሐይቅ ዳር ነው። አባቱ ከደጋ ወርዶ ዓሣ አጥማጅ የሆነ ሰው ነበር። ገነነ በአሥር ዓመቱ መረብ ይጎትታል፤ በአሥራ አምስት ዓመቱ ብቻውን ይቀዝፋል። ማንበብ ያስተማረው ክብሩ ነው። መምህሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ ማራገፊያው ድረስ እየወረደ፣ የተገለበጠ ጀልባ ጎን ላይ በከሰል ፊደል ይጽፍ ነበር። ጀልባው ወደ ውሃ ሲገባ ፊደሉ ይታጠባል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ይጻፋል።

በ1970 ክብሩ ሲታደን ወደ ጫሞ ሸሸ። ከሐይቁ ማዶ፣ ሸምበቆው ውስጥ ተደበቀ። ወታደሮቹ አዞ ስለሚፈሩ ወደዚያ አልሄዱም። ለአሥራ አንድ ሳምንት ስንቅ ያመላለሰው ገነነ ነው። የደረቀ ዓሣ፣ ጨው፣ የሬዲዮ ባትሪ፣ ወረቀት፣ የወባ ኪኒን። ክብሩም አዞ ይፈራ ነበር። የጣለው ግን ትንኝ ነው።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት ኪኒኑ አለቀ። በታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ፣ ባለው መድኃኒት ቤት በር ላይ ካድሬ ተቀምጧል፤ የሚገዛውን ሁሉ ያያል። ገነነ ከሌላ ቦታ ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀበት። በሦስተኛው ቀን ሲሻገር ሸምበቆው ውስጥ ሬዲዮው ብቻ ቀርቷል።

ክብሩ በእግሩ ወጥቶ ነበር። ትኩሳቱ ሲጠናበት የሐይቁን ዳር ተከትሎ ሄዶ ጤና ጣቢያ ገባ። አንድ ድሬሰር መርፌ ወጋው። ስሙን ሲጠይቀው ትክክለኛ ስሙን ነገረው፤ ጮክ ብሎ፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ። አርባ ዲግሪ የሚያቃጥለው ሰው የውሸት ስሙን አያስታውስም። ከሰዓት በፊት መጥተው ወሰዱት። በሳምንቱ ገደሉት።

ይህን ለገነነ የነገረው ድሬሰሩ ራሱ ነው። አንድ ክፍል ታስረው ነበር። ድሬሰሩ የታሰረው መርፌውን በመውጋቱ ነው።

ገነነም ስንቅ በማመላለሱ ተይዞ አሥራ አራት ወር ታሰረ። የግራ እጁ ሦስት ጣቶች እስከ ዛሬ አይታጠፉም። መርማሪዎቹ ማወቅ የፈለጉት ክብሩ ሸምበቆው ውስጥ ሆኖ የሚጽፈውን ወረቀት ለሰው ማን እንደሚያደርስ ነበር። አራት ሰዎች ነበሩ። አራቱም ተርፈዋል፤ አንዷ የክብሩ እህት አገርነሽ ናት።

ሲፈታ መጀመሪያ የሄደው እሷ ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ በየመስቀሉ ከራሱ ቤት በፊት እሷ ቤት ይገባል። እሷ ጎኗ ታስቀምጠዋለች፤ የክብሩን ድርሻ ለእሱ ታወጣለታለች። ይህ አንድም ዓመት ተቋርጦ አያውቅም። ጉልበቱ ሲደክም ጀልባውን ትቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ጫኖ ላይ ሙዝና ማንጎ ተከለ። ስሙ ግን ጀልባው እንደሆነ ቀረ።

*

የፊልሙ ነገር የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ሄራን የምትባል ልጅ ጫኖ መጣች፤ ከዩኒቨርሲቲው በታሪክ የተመረቀች፣ ሥራ ስትፈልግ ቆይታ የፊልሙ መረጃ ሰብሳቢ ሆና የተቀጠረች። ማንጎው ሥር ሁለት ቀን ተቀመጠች። ገነነ ሁሉንም ነገራት።

“የጠቆመው ማነው ታዲያ፣ ጋሽ ገነነ?”

“ማንም።”

“ማንም?”

“ጻፊው። ማንም። ትኩሳት።”

ጻፈችው።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ዳይሬክተሩ ኦሊያድ በሦስት መኪና መጣ። ፈጣን፣ ተጫዋች፣ ሰው የሚወደው ሰው ነው። የክብሩ የትውልድ መንደር ወዳለበት ደጋ ወጥቶ ዱቡሻውን ሲያይ “እዚህ ነው!” አለ።

ዱቡሻ ለማያውቀው ሣር የለበሰ ሜዳ ነው፤ ዙሪያውን ድንጋይ የተቀመጠበት። ለመንደሩ ሰው ችሎትም ሸንጎም ነው። እዚያ የተነገረ ነገር ተነግሯል። እዚያ መዋሸት ጎሜ ነው፤ የዋሸውን ብቻ ሳይሆን ልጁን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ይነካል ተብሎ የሚፈራ ጥፋት። ዛሬ የመንደሩ ሰው አብዛኛው እሁድ እሁድ ጸሎት ቤት የሚውል ጴንጤ ነው። እሱም ቢሆን ዱቡሻ ላይ አይዋሽም።

ሽማግሌዎቹን የሚመራው ይፍሩ ይባላል። ሰማንያ ዓመቱ ነው፤ ቶሎ አይናገርም።

“ድራማ ከሆነ ከታች የኳስ ሜዳ አለ” አለ ይፍሩ። “ሰፊ ነው። ግብም አለው።”

ኦሊያድ ከልቡ ሳቀ። “አባባ፣ ድራማ አይደለም። እውነተኛ ታሪክ ነው።”

“ከየት እስከ የት?”

“ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።”

ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ተቀመጡ። ግማሹ አልፈለገም። ያግባባቸው ገነነ ነው። የአባቱ አገር ስለሆነ እዚያ ድንጋይ አለው፤ ቃሉ ይሰማል። “ልጅቷ የጻፈችው ከእኔ አፍ ነው” አላቸው። “እኔ ዋስ ነኝ።” በገነነ ዋስትና ፈቀዱ።

በቀረጻው ቀን የተንበረከከውን ተዋናይ አይቶ “ይሄ ማነው?” ብሎ ጠይቋል።

“በዚያ ዘመን የነበረውን ጠቋሚ ሁሉ የሚወክል ነው” አለው ኦሊያድ። “እንዲህ ላለ ሰው እዚህ ምን ይባላል? እሱን ይበሉለት። እኔ ቃል አልሰጥዎትም።”

በዚያ ዘመን ጠቋሚ አልጠፋም። ገነነ በክፍሉ የታሰሩትን አሰበ፤ ማን እንዳስያዛቸው አሰበ። ሣሩን ይዞ የሚባለውን አለ። የምሩን ነው ያለው። ስሙ በዚያ ቀን አልተጠራም። የተጨመረው በኋላ ነው፣ አዲስ አበባ፣ ድምፅ መቅረጫ ክፍል ውስጥ።

*

አዳራሹ በር ላይ ኦሊያድ ከእንግዶች ጋር ፎቶ ይነሳል። ሄራን አጠገቡ ቆማለች፤ መሬት መሬት ታያለች። ገነነ ቀረበ። ኦሊያድ እጁን ዘረጋለት።

“አባባ! ሕዝቡን ቀጥ አደረጉት እኮ! አዩት አይደል?”

“ገነነ ጀልባው ማነው?”

“ገጸ ባሕርይ ነው።”

“እኔ ነኝ።”

“አይደሉም፤ ስሙን ብቻ ነው የወሰድነው። ስሙ ጥሩ ነው፣ የአካባቢው ሽታ አለው። ለከሃዲ ደግሞ…” ኦሊያድ ቃል ፈለገ። “ድራማዊ ግጭት ይባላል። ጀግናው የሚወድቀው በሚያምነው ሰው እጅ ሲሆን ነው ተመልካቹ የሚያለቅሰው።”

“ማንም አልጠቆመውም። ወባ ነው። ለዚች ልጅ ነግሬያታለሁ።”

“አውቃለሁ፤ አንብቤዋለሁ። ግን አባባ፣ ወባ አይተውንም። ትንኝን በካሜራ ፊት ምን ላድርጋት? ክብሩ ለመርፌ ብሎ ወጥቶ ተያዘ ብል ማን ጀግና ይለዋል?”

ዕድላዊት በዞኑ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው፤ ስትናደድም ድምፅዋን አታነሳም።

“ስሙ ይውጣ” አለች። “ማውጣትህን ዛሬ ጻፍና ላክልን።”

“የፊልሙ የድምፅ ሥራ ተዘግቷል፣ እህቴ። ለመስቀል በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ወደ ውጭ አገር ፌስቲቫልም ልከነዋል። ደግሞ ስንት ገነነ አለ በዚህ አገር?”

“ጀልባው የሚባል?”

ኦሊያድ ሰዓቱን አየ። “እሺ፣ እንነጋገራለን” አለ፤ ወደ ፎቶው ተመለሰ። ያን ቀን ሌላ አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ ስልክ አላነሳም።

ሰው ሁሉ ስልክ ይዟል። ማክሰኞ ሲደርስ የገነነ አራት ደቂቃ በየእጁ ነበር። ጫኖ ላይ ሙዝ ጭነው የሚሄዱ ሾፌሮች መስኮት አውርደው “ጋሼ፣ ውሃ ልስጥዎት ወይስ አይጠጡም?” እያሉ ይስቃሉ። ጎረቤቶቹ አልሳቁም። እሱ ሲመጣ ወሬ መቀየር ጀመሩ። ሳቁ ይሻል ነበር።

*

ሐሙስ ወደ ሲቀላ፣ ወደ አገርነሽ ቤት ሄደ። አገርነሽ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ባልም ልጅም የላትም። በሩን የከፈተችው በግማሽ ነው። መዝጊያውን አልለቀቀችም።

“እትዬ አገርነሽ፣ አየሽው?”

“አየሁት።”

“ታዲያ?”

“ታዲያ ምን? በአፍህ ተናገርክ። ዱቡሻ ላይ። ክብሩ በተወለደበት መንደር።”

“የተናገርኩት ስለሌላ ሰው ነው። ማን እንደሆነ አላወቅሁም።”

“ማን እንደሆነ ሳታውቅ ነው የፈረድከው? ሽማግሌ ነህ አንተ?”

ትክክል ናት።

“እትዬ፣ አንቺን አላወጣሁም። ይኼ እጅ ይመስክር።”

“እኔን አላወጣህም። እኔን ስላላወጣህ እሱን አላወጣህም ማለት አይደለም።” ይህን ስትል ድምፅዋ አልተሰበረም። “አርባ ሰባት ዓመት ማን እንዳሳየው ሳላውቅ ኖርኩ። በገበያ የማየውን እርጅና የያዘው ሰው ሁሉ ይሄ ይሆን እያልኩ። አሁን አንድ ሰው መጥቶ ስም ነገረኝ። ያንተን ስም። ምን ላድርገው?”

“ማንም አላሳየውም።”

“ሂድ ገነነ። እዚያ ያልከውን እዚያ አስተካክለው። ከዚያ በፊት እዚህ አትምጣ።”

በሩ ተዘጋ። ገነነ በጥይት አልተነካም፣ በረሃብ አልተፈታም። በአሥራ አራት ወር እስር ያልተወሰደበትን፣ አንድ ፊልም አዋቂ በአንድ ዓረፍተ ነገር ወሰደበት። ቁጣው ያኔ መጣ። እስከዚያ ድረስ ግራ ተጋብቶ ነበር።

በዚያው ቀን በሚኒባስ ደጋ ወጣ። ይፍሩ ደጅ ላይ ተቀምጧል፤ ከእግሩ ላይ ጭቃ በዱላ እያራገፈ ነበር።

“ዱቡሻ ይጠራልኝ” አለ ገነነ።

“በማን ላይ?”

“በእኔ ላይ። ዋስ የሆንኩት እኔ ነኝ።”

ይፍሩ ዱላውን አስቀመጠ። “ያ ሰውዬም ይመጣል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብሏል። ጆሮዬ ገና አልደነቆረም።”

ለኦሊያድ ተነገረው። አልመጣም። ለዕድላዊት ስልክ መልእክት ላከ፤ “የማኅበረሰቡን ባህል በእጅጉ አከብራለሁ፤ በሥራ መደራረብ ምክንያት መገኘት አልችልም” ይላል። መጨረሻው ላይ ሁለት የተገጠሙ መዳፎች ሥዕል አለበት። ዕድላዊት ለሽማግሌዎቹ ጮክ ብላ አነበበችው። አንዱ ሽማግሌ እጁን እያሳየ “ይሄስ ምንድነው፣ ይጸልይልናል?” አለ።

*

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ዱቡሻው ሞላ። ድሮ ሴት እዚያ ድምፅ አልነበራትም። ይፍሩ ለአገርነሽ ድንጋይ አስመጣላት፤ “የሟቹ ደም የሷ ነው፣ የምትጠይቀውን ትጠይቅ” አለ። ሄራንም መጥታለች። ማንም አልጠራትም። ከአርባ ምንጭ በሚኒባስ፣ መንገዱ ጭቃ ከሆነበት በኋላ ደግሞ በእግሯ ነው የመጣችው፤ ጫማዋን በእጇ ይዛለች።

ገነነ ሣር ነጭቶ ያዘ። ቆመ። አራት ደቂቃ አልፈጀበትም።

“እዚህ ቦታ ላይ የማላውቀውን ሰው ፈርጄበታለሁ። እውነት ነው ብዬ ዋስ ሆኛለሁ፤ ውሸት ነበር። ሌላው ሰው አታለለኝ ብዬ አላመልጥም። ሳልጠይቅ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ ከእኔ ላይ ይውረድ፤ መንደሩን አይንካ። ክብሩን ግን አልሸጥኩም። ማንም አልሸጠውም።”

ተንበረከከ። ማንም ተነስ አላለውም። ሁሉም አገርነሽን አየ።

“በእግሩ ነው የሄደው?” አለች።

“በእግሩ።”

“ማንም አልደገፈውም?”

“ብቻውን ነበር። እኔ ኪኒን ፍለጋ ላይ ነበርኩ። ሦስት ቀን ዘገየሁ። ይሄን አልክድም።”

“ስሙን ማን ነገራቸው?”

“እሱ። ድሬሰሩ ስምህ ማነው አለው። ክብሩ አለ፤ የአባቱን ስምም ጨመረ። ትኩሳት ላይ ነበር፣ እትዬ።”

አገርነሽ አርባ ዓመት ነርስ ነበረች። ትኩሳት ምን እንደሚያናግር ታውቃለች።

“ለምን እንዲህ አድርገህ አልነገርከኝም?”

“ነግሬሻለሁ። በተፈታሁ ቀን፣ በር ላይ። ‘ወንድሜ እንዲህ አይሞትም’ ብለሽ አቋረጥሽኝ። ከዚያ በኋላ አንሥተሽው አታውቂም። እኔም ተውኩት።”

ከኋላ ያሉት ምን እንደተባለ ከፊት ያሉትን ጠየቁ። ሹክሹክታው እስከ ዳር ደርሶ ቆመ።

“ብያለሁ” አለች አገርነሽ። “እንዲህ ብያለሁ። ወንድሜ ለመርፌ ብሎ እንደተያዘ ከማምን፣ ሰው ሸጠው ብዬ ማመን ይቀለኝ ነበር። ስንት ዓመት ነርስ ሆኜ።” ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። “ከእሱ ጋር ነገር የለኝም። አስነሡት።”

ይፍሩ ሄዶ በብብቱ ይዞ አነሣው። ሽማግሌዎቹ ለዕርቅ ምልክት ተራ በተራ ሣሩን ነኩት። በመንደሩ በኩል ነገሩ አለቀ። ቴሌቪዥኑ ግን ቀረ። ለመስቀል ሦስት ሳምንት አለ።

ያኔ ሄራን ተናገረች። “እማማ አገርነሽ፣ የፈረሙት ወረቀት አለ። የቤተሰብ ፈቃድ። ሰባተኛው አንቀጽ፣ የሟቹ አሟሟት ቤተሰቡ ከሚያምንበት እውነት ውጭ ከቀረበ ፈቃዱን ማንሣት ይችላሉ ይላል። እኔ ነኝ ያረቀቅሁት። ኦሊያድ ሳያነብ ነው የፈረመው።”

“ሥራሽስ?” አለች አገርነሽ።

“ትቼዋለሁ። ዓርብ ዕለት።”

“ሌላ አግኝተሻል?”

“አላገኘሁም።”

“ደፋር ነሽ ወይስ ሞኝ?”

“አላውቅም፣ እማማ። ጋሽ ገነነ ማንም ብሎ ነገረኝ፣ ማንም ብዬ ጻፍኩ። ኦሊያድ በቀይ ሰረዘው። አይቼ ዝም አልኩ። ስምንት ወር ዝም አልኩ።”

ሲወርዱ ገነነ ጭቃው ላይ ክንዷን ያዘላት።

*

ደብዳቤው ስድስት መስመር ነው። የጻፈችው ዕድላዊት ናት፤ አገርነሽ እያንዳንዱን ቃል አስነብባ ፈረመች። ለፊልም ሠሪው ድርጅትና ለጣቢያው ተላከ። የወንድሜን ስም፣ ፎቶና ታሪክ መጠቀም አልፈቅድም፤ ይኸው ነው።

ኦሊያድ በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደወለ። ገነነ አገርነሽ ቤት ነበር፤ ጎኗ ተቀምጧል። ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

“እማማ፣ ይሄ የስንት ሰው ልፋት ነው! ሰባ ሰው ነው የሠራበት። የከተማው ልጆች አሉበት። ለወንድምዎ ክብር ብለን እኮ ነው!”

“ገነነ እዚህ አለ። ለእሱ ንገረው።”

“አባባ፣ ይቅርታ፤ ከልቤ። መፍትሔ አለኝ። ድምፁን እንከፍተዋለን። ስሙን እንቀይራለን። እንዲያውም አዲሱን ስም እርስዎ ራስዎ ይምረጡ።”

“የምን ስም?”

“የከሃዲው። እርስዎን የማይነካ፣ ደስ ያለዎትን።”

ገነነ ስልኩን አየው፤ ሰውየው እዚያ ውስጥ ያለ ይመስል።

“የማንን ልስጥህ? የጎረቤቴን? የሞተውን ድሬሰር? በዚያ ሐይቅ ላይ ያኔ አሥራ ሁለት ጀልባ ነበረ። የአሥራ ሁለቱንም ሰዎች ስም አውቃለሁ። ከመካከላቸው መርጬ ላንተ ልስጥ?”

“የሌለ ሰው ስም ማለቴ ነው…”

“የሌለ ሰው ከሆነ አውጣው።”

“አባባ፣ ታሪኩ ይፈርሳል።”

“ታሪኩ አይፈርስም። ፊልምህ ነው የሚፈርሰው።”

አገርነሽ ጎንበስ አለች። “ወንድሜ በወባ ታሞ፣ መርፌ ፍለጋ ሄዶ ተያዘ። እንደዚህ ካሳየኸው ዛሬ እፈርማለሁ። አሁኑኑ።”

“እማማ፣ እንደዚያ ከሆነ ማን ያየዋል?”

ስልኩን ዘጋችው።

ፊልሙ ለመስቀል አልተላለፈም። ሴቻ መገንጠያው ላይ ተሰቅሎ የነበረው የፊልሙ ትልቅ ማስታወቂያ ወረደ። ሁሉም አልተደሰተም። ወታደር ሆነው የተወኑ የከተማው ልጆች አርባ ምንጭ በዓለም ፊት ልትታይ ስትል ሁለት ሽማግሌዎች አስቀሯት ብለው ጻፉ። አንዱ ባጃጅ ነጂ ገነነን “ፊልም ገዳይ!” ብሎት አለፈ። ኦሊያድ በአንድ ቃለ ምልልስ ላይ “ኪነ ጥበብን የማይረዳ ማኅበረሰብ” የሚል ነገር ተናገረ። ከማን አንደበት የምን ቃል ሰርቆ እንደነበር አልተጠየቀም። ጠያቂዋ ወደሚቀጥለው ሥራው አለፈች።

በመስቀል ሰሞን አገርነሽና ገነነ ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚኒባስ ይወርዳሉ። አንዲት ተማሪ አጠገባቸው ተቀምጣለች፤ ከሰሜን የመጣች፣ የክብሩ ፎቶ ያለበት ቲሸርት የለበሰች። አገርነሽን ደጋግማ አየቻት።

“እማማ፣ የመምህር ክብሩ እህት እርስዎ ነዎት አይደል? በፎቶ አይቼዎታለሁ።”

“ነኝ።”

“ማነው ግን አሳልፎ የሰጣቸው? ሁሉም የተለያየ ነገር ነው የሚለው።”

“ማንም። ወባ ያዘው። መርፌ ፍለጋ በእግሩ ወጣ፤ ስሙን ጠየቁት፣ ተናገረ። ያዙት።” አገርነሽ በአገጯ ወደ ገነነ አመለከተች። “ኪኒን ያመላልስለት የነበረው ይሄ ነው። እሱ ነው የነገረኝ።”

ተማሪዋ ሁለቱን አየች። የጠበቀችው ይህን አልነበረም፤ ፊቷ ላይ ይታያል።

“ወባ ብቻ?” አለች።

“ወባ ብቻ” አለች አገርነሽ፤ ለረዳቱም “ወራጅ አለ” አለችው።